ሁሉንም ክፍት ቦታ በአንድ እይታ፦ የሥራ ፍለጋ ሙከራዬ ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም 26፣ 2018 ዓ.ም.

አጂፕ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። ጅማ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው እንደኔ ዓይነት ቤት ሳይገባ አይቀርም። አንዱ ሲቪ ያጽፋል። አንዷ ዲግሪዋን ኮፒ ታደርጋለች። ሌላው ስልኩን አውጥቶ «እስቲ አንቺ ፈልጊልኝ» ይላል።

ዛሬ የመጣው ልጅ አካውንቲንግ በሌቭል 4 ጨርሷል፤ ሲኦሲም አልፏል። ቴሌግራም ላይ አንድ የሥራ ቻናል ከፈተና «ሂሳብ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ማስታወቂያ መጣለት። ሁለቱም ጊዜያቸው አልፏል። ስልኩን ተቀበልኩትና በሐመሩ ሐ «ሒሳብ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ መጣ። «ሠራተኛ»ን በእሳቱ ሰ ስጽፈው ደግሞ ሌላ። «አካውንታንት» ስል ሌላ፣ «ገንዘብ ያዥ» ስል ሌላ። «ቤክሲሳ ሆጂ» ተብለው በአፋን ኦሮሞ የሚወጡት ግን በአማርኛ ቃል ጭራሽ አይገኙም። ልጁ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ቆየ። «እኔ እኮ የለም ብዬ ትቼው ነበር» አለኝ።

ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። የመፈለጊያ ሳጥን የሚያገለግለው የሚፈልገውን ነገር ስም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ሥራ ፈላጊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙን አያውቅም። ቀጣሪው ምን ብሎ እንደጠራው በምን ይወቅ? ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው ዳር ቆሞ የዕቃ ስም አይጠራም። ገብቶ ዞር ዞር ይላል። ቡናው የቱ ጋ እንደተሰጣ፣ ማሩ የቱ ጋ እንደተደረደረ ያያል። ሊገዛ ያላሰበውንም ያያል። ሥራ ፍለጋም እንዲህ ቢሆንስ?

ክፍት ቦታዎቹን ሁሉ በአንዴ የሚያሳይ ነገር ልሞክር ነው። የሠራሁትንም የተበላሸብኝንም እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

መስከረም 29

ከእኔ በፊት ማን ምን ሠራ ብዬ ሁለት ማታ ሳነብ አመሸሁ።

ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቤን ሽናይደርማን የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረባው ጋር ያሳየው ሥራ ቀልቤን ገዛው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያሉ የሚሸጡ ቤቶች ካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ከጎን የዋጋና የርቀት ማንሸራተቻ አለ። ዋጋውን ዝቅ ስታደርጉት ነጥቦቹ ወዲያው ይቀንሳሉ፤ ከፍ ስታደርጉት ይመለሳሉ። ቃል መጻፍ የለም። «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል አንጀት የሚቆርጥ መልስም የለም። ትንሽ ስታንሸራትቱ ምን እንደምታገኙና ምን እንደምታጡ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

በ1996 ደግሞ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠው። መጀመሪያ ጠቅላላውን አሳይ። ቀጥሎ ሰውየው ያቅርብ፣ ያጣራ። ዝርዝሩን ሲጠይቅህ ብቻ ስጠው። የሥራ ማስታወቂያ ዛሬም የሚደርሰን በተገላቢጦሽ ነው። ዝርዝሩ ይቀድማል፤ ጠቅላላውን የሚያሳየን የለም።

ይኸው ሰው በ1990 ሌላም ነገር ፈጥሯል። 14 ሰዎች የሚጋሩት ባለ 80 ሜጋባይት ዲስክ ይሞላል። ቦታውን ማን እንደያዘው ማየት ፈለገ። እያንዳንዱ ፋይል በመጠኑ ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ስክሪኑን እንዲሞላ አደረገ። ትልቁን ለማግኘት ማንበብ ቀረ፤ ዓይን ራሱ ይሄድበታል።

ያልዘለቀም አለ። ካርቱ የሚባል የፈረንሳይ መፈለጊያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ ውጤቱን እንደ ካርታ ያሳይ ነበር። በ2010 ተዘጋ። የስክሪኑን ፎቶዎች አየኋቸው። ያምራሉ። ግን አንዱ ውጤት ለምን ከላይ፣ ሌላው ለምን ከታች እንደተቀመጠ ተመልካቹ በምን ያውቃል? ቦታው ትርጉም ከሌለው ተራ ዝርዝር ይሻላል። ይህችን በወረቀት ጽፌ ከኮምፒውተሬ በላይ ለጥፌአታለሁ።

ጥቅምት 3

ካርድ ቆረጣ። ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከጋዜጣና ከቴሌግራም 86 ማስታወቂያ ሰበሰብኩ። አንዱን ማስታወቂያ በአንድ ካርድ ጻፍኩ፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ብዛት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ቦታ፣ የማመልከቻ ማብቂያ።

ደመወዝ የሚለው መስመር ከግማሽ በላይ ካርዶች ላይ ባዶ ቀረ። «በስምምነት» ይላሉ፤ ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት»። ይህ በጣም ያናድደኛል። ከሊሙ ወይም ከጌራ ተሳፍሮ ለፈተና የሚመጣ ልጅ ስንት እንደሚከፈለው ሳያውቅ ነው የትራንስፖርት የሚያወጣው። መስመሩን ከካርዱ ላይ ልሰርዘው ነበር። ተውኩት። ባዶነቱም ይታይ።

ጥቅምት 5

የከተማውን ካርታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ አውርጄ በአራት ወረቀት አተምኩና አጣበቅኩት። ካርዶቹን በየሰፈራቸው ልሰካ ነው ሐሳቤ።

አልሆነም። ማስታወቂያው የሚነግረን የቢሮውን አድራሻ ነው፤ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አይናገርም። ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ ካርድ በካርድ ላይ ተደራረበ። ጅሬን በኩል አንድም የለም። «ጅማና አካባቢዋ» የሚሉትን የት ልስካቸው? 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው አዲስ አበባ ደግሞ ከካርታው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ቀረ። ብዙው ካርድ ያለው እዚያ ነው።

ሳወርደው አንድ ነገር ገባኝ። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለአስተናጋጅ ሥራ ካርታው ልክ ነበር። ቆጪ የምትኖር እናት ከተማውን አቋርጣ በየቀኑ ባጃጅ ከከፈለች ምን ይተርፋታል? ለእሷ ርቀት ደመወዝ ነው። ዲግሪ ይዞ ለሚፈልግ ልጅ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እኔን ይቀበሉኛል ወይ?» ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሥዕል አይበቃም።

ጥቅምት 9

ሁለተኛው አደራደር። ወደ ላይ የትምህርት ደረጃ፣ ወደ ቀኝ የሥራ ልምድ። ቀለሙ ሙያው ነው። የካርዱ ስፋት የሚፈለገው ሰው ብዛት ነው።

ግድግዳውን ጨርሼ ወደ ኋላ ስል እህቴ አጠገቤ ነበረች። ታናሼ ናት። ዕፅዋት ሳይንስ ተምራ አምና ተመርቃለች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ስልኳን ታያለች፤ በየማታው ታየዋለች። ግድግዳውን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ዲግሪና 0 ዓመት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ጥቂት ካርዶች ብቻ አሉ። ሁለት ዓመት ላይ ይወፍራል። አራት ዓመት ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ይላል። «ለካ እኔ ሰንፌ አይደለም» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ጥፋቱ የራሷ እየመሰላት ኖራለች። ዝርዝር ይህን አይነግራትም ነበር። ዝርዝር አንድ በአንድ ነው «አይሆንሽም» የሚለው፤ የነገሩን ቅርጽ አያሳይም።

ቀጥሎ የግብርናውን ሙያ፣ አረንጓዴዎቹን ቆጠረች። እሷ ስትፈልግ የኖረችው «አግሮኖሚስት» በሚል ቃል ነው። አረንጓዴዎቹ ካርዶች ግን ሌላ ሌላ ስም አላቸው። የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ። የእሸት ቡና መረከቢያ ጣቢያ ኃላፊ። የመስክ ተቆጣጣሪ። የሰርተፍኬሽን ባለሙያ። ሁሉም በትንንሽ ፊደል «ዕፅዋት ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» ይላሉ። አሁን የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ በዚህ ሰሞን ማስታወቂያው ይበዛል። አምናም በዚህ ሰሞን እንደዚሁ በዝቶ ሳይሆን አይቀርም። አጠገቧ አልፎ ሄደ ማለት ነው።

ጥቅምት 15

ግድግዳውን ወደ ስልክ ማስገባት። ካርዶቹን በኤክሴል መዘገብኩ። ከዚያ ቀላል ድረ ገጽ ሠራሁ። መጀመሪያ የማስታወቂያዎቹን ፎቶ ራሱን አስገብቼ ነበር። የአንዱ ፎቶ ክብደት ሁለት ሦስት ሜጋባይት ነው። ገጹ ሳይከፈት የሰውን ጥቅል ይበላል። ፎቶዎቹን አውጥቼ በቀለም አራት ማዕዘን ተካኋቸው። ሥዕሉ ራሱ በኤስቪጂ ነው የተሳለው። ይህ ማለት ፋይሉ ውስጥ ያለው ምስል ሳይሆን «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ስፋት፣ በዚህ ቀለም ሳል» የሚል ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቀላል ነው፤ ሲያጎሉትም አይደበዝዝም። ፎቶው የሚመጣው ሰው ካርዱን ሲነካ ብቻ ነው።

ግድግዳ ላይ ያማረው ነገር ስልክ ላይ ግን ጠበበ። 86 አራት ማዕዘን መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ! ጣት አንዱን ሲነካ ሦስቱን ይነካል። ትንንሾቹን በሙያ ሰብስቤ ሲነኩ የሚዘረጉ አደረግኋቸው።

ጥቅምት 20

ማስታወቂያ በእጅ መተየብ አድካሚ ነው። ቴሰራክት የሚባለውን ነጻ የጽሑፍ ማንበቢያ ሞከርኩ። አማርኛ ያነባል። ንጹሕ ሆኖ ስካን በተደረገ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በስልክ የተነሳ ማስታወቂያ ላይ ግን ይሳሳታል። ዋናው ችግር ማህተም ነው። ማህተሙ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የማብቂያው ቀን ላይ ነው። ሌላው 0 ቁጥር ነው። አንዳንዴ ዐይኑ ዐ አድርጎ ያነበዋል። «0 ዓመት» ከተበላሸ የአዲስ ተመራቂ ካርድ ቦታውን ይስታል። ስለዚህ ያነበበውን ሁሉ እኔ መልሼ አያለሁ። ቁጥርና ቀን በእጄ ነው የማስገባው።

የፊደሉን ነገር ግን በቀላሉ ፈታሁት። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ እስከ ሳብዕ ድረስ። ለሰው የሚታየው እንደተጻፈው ነው፤ ለማነጻጸር ብቻ ነው የሚቀየረው። ከጎኑ የመጠሪያ ሰንጠረዥ አለኝ። «አካውንታንት»፣ «የሂሳብ ባለሙያ»፣ «ሆጄታ ሄሬጋ» አንድ ቀለም ያገኛሉ። ሰንጠረዡን በየቀኑ እያሳደግኩት ነው። ከሁሉም ሥራ የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት 27

ዛሬ ለደንበኞች አሳየሁ። ሰባት ሰዎች።

የጽዳት ሥራ የሚፈልጉ አንዲት እናት ስልኩን አየት አደረጉና «ልጄ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥዕሌ ላይ ሥራው ሁሉ አለ፤ ሰውየው የለም።

አንድ ወጣት ቡናማውንና አረንጓዴውን መለየት አቃተው። ቀለም የመለየት ችግር ብዙውን ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። በየቀለሙ ላይ ቅርጽ ጨመርኩ። ቡና ክብ፣ ጤና መስቀል፣ ሂሳብ አራት ማዕዘን ሆነ።

ከሁሉ የከበደኝ የአንድ ሹፌር ነገር ነው። ኦቦ ነው የምላቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው። የተማሩት እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ከባድ መኪና ሲነዱ ዘመናቸውን ጨርሰዋል። ካርዳቸውን ከታች በኩል አሳየኋቸው። ረጋ ብለው አዩትና «እኔ ከሥር ነኝ ማለት ነው?» አሉ። ምንም ክፋት ሳላስብ ሰውን በዲግሪ ከላይ ወደ ታች ደርድሬአለሁ። ወረቀት ላይ «ከፍታ» ቁጥር ብቻ ይመስላል። ሰው ግን ከላይና ከታች ሲያይ ክብርን ነው የሚያየው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ማታ ያንን ገጽ አጠፋሁት።

ኅዳር 2

የጽዳት ሥራ የሚፈልጉትን እናትና የሹፌሩን ጥያቄ አንድ ላይ ሳሰላስል መልሱ ወጥ ቤት ተሰቅሎ አየሁት። የእናቴ ሰፌድ። ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር ነው የሚሰፋው።

አዲሱ ሥዕል እንዲህ ነው። መሃል ላይ ያለው ነጥብ እርስዎ ነዎት። ሲከፍቱ አራት ነገር ብቻ ይጠየቃሉ፦ ትምህርት፣ ልምድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሚናገሩት ቋንቋ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የሚቀመጡት የሚጠይቁትን ሁሉ የሚያሟሉላቸው ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ዙር አንድ ነገር ብቻ የጎደለዎት ነው። ሦስተኛው ሁለት ነገር። ከዚያ በላይ የራቀው በደብዛዛው ዳር ላይ ይቀመጣል፤ አይጠፋም። ላይና ታች የለም። ቅርብና ሩቅ ብቻ አለ።

ሹፌሩ ዛሬ ኮፒ ሊያደርጉ መጡ። አሳየኋቸው። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ካርድ አላቸው። በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩት። «ይሄ መልካም ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ኅዳር 9

ክፉ ቀን። አንዲት ልጅ ቴሌግራም ላይ ባየችው ማስታወቂያ «የመመዝገቢያ» ተብላ ገንዘብ ልካ ተበላች። ስልኩ አይነሳም። ያ ማስታወቂያ የእኔም ገጽ ላይ ነበር። ከእኔ አይደለም ያየችው። ግን ከእኔም ልታየው ትችል ነበር።

ሥዕል ይህ አደጋ አለው። ዝርዝር ውስጥ የተንሻፈፈ ጽሑፍ፣ ማህተም የሌለው ወረቀት፣ የግል ስልክ ቁጥር ሰውን ያጠራጥራል። እኔ ግን ሁሉንም አንድ ዓይነት ንጹሕ ቅርጽ አልብሼ አጭበርባሪውንና እውነተኛውን እኩል አሳምሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያላረጋገጥኩት ሁሉ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ በተቆራረጠ መስመር ነው የሚታየው። ቢሮው ድረስ ሄጄ ወይም በታወቀው የቢሮ ስልክ ደውዬ ሳረጋግጥ ብቻ ቀለም ይሞላል። ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ጨርሶ አይገባም።

ኅዳር 16

ማብቂያ ቀን። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። ቀኑን ለመቁጠር መቼ እንደወጣ ማወቅ አለብን፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ቀን የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁትን ቀን እጽፋለሁ። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል። ሳያነቡ የቱ ሊዘጋ እንደሆነ ያስታውቃል።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ኮፒ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ሰው ግን ቆሞ ነበር። የወረቀቱን ሰፌድ ግድግዳው ላይ በገመድና በካርድ ሠራሁት። ከስልኩ ይልቅ ሰው የሚሰበሰበው እዚህ ነው። ስልክ ላይ እያንዳንዱ ለራሱ ያያል። ግድግዳው ላይ አንዱ ለሌላው ያያል። «ይሄ ለአንተ አይሆንም እንዴ?» ሲባባሉ ሰማሁ። ይህን በኮድ እንዴት እንደምሠራው ገና አላሰብኩበትም፤ ግን ማሰብ አለብኝ።

ኅዳር 24

እህቴ ሰፌዷን ከፈተች። መጀመሪያው ዙር ላይ ሁለት ካርድ። ሁለቱም አዲስ አበባ። ሁለተኛው ዙር ላይ ስድስት። የጎደለውን ነገር በቀለም እንዲያሳይ ትናንት ነበር የጨመርኩት። ከስድስቱ አምስቱ አንድ ቀለም ሆኑ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ።

ሁለታችንም ዝም አልን። የመስክ ሥራ ነው፤ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር አለ፤ ሞተር ይጠይቃል። በየማስታወቂያው መጨረሻ አንድ መስመር ላይ ተጽፎ ነበር። እሷ አንድ በአንድ ስታነብ በየጊዜው «ይሄም አይሆነኝም» ብላ አልፋዋለች። አምስቱን በአንድ ጊዜ ስታይ ግን በር የዘጋባት አንድ ነገር መሆኑን አየች። ዲግሪዋ አልጎደለም። ልምዱንም አልጠየቋትም። ማስተርስ ልትቀጥል ገንዘብ ስታጠራቅም ነበር። ያንን ጉዳይ አሁን ቆም ብላ እያሰበችበት ነው።

ኅዳር 27

ዛሬ ጠዋት እህቴ የሞተር ሥልጠና ጀመረች። እናታችን ሞተር ሲባል ደንግጣለች፤ ቀስ ብለን እያስረዳናት ነው።

አካውንቲንግ የጨረሰው ልጅ ተመልሶ መጣ። አጋሮ ሄዶ ሰሌዳ ላይ ያያቸውን አራት ማስታወቂያዎች ፎቶ አንስቶ አምጥቶልኛል። ሁለቱ ለእሱ አይሆኑም። «ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነው» አለ። በእጄ ተይቤ ውስጣቸው ባዶ ሆነው ገብተዋል። ነገ እደውላለሁ።

ከእህቴ አምስት ካርዶች ሦስቱ ተዘግተዋል። ፈቃዱ እስኪወጣ የቀሩትም ይዘጋሉ። ግን መልሼ ሳነባቸው ከሁለቱ አንደኛው የሚለው «ቢኖራት ይመረጣል» ነው። እኔ እንደ ግዴታ ነው የመዘገብኩት። በግዴታና በምርጫ መካከል ግማሽ ዙር መጨመር አለብኝ። ካርዱን አሁን ወደ መሃል አስጠጋሁት። የሚዘጋው ታኅሣሥ 1 ነው። ማመልከቻዋን ዛሬ ማታ እንጽፋለን።